የምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክትና ኢንዱስትሪ፦ በወላይታ ሶዶ መነሻነት የቀረበ ሂስ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የምሕንድስና ትምህርት የሚከታተል ወጣት አምስት ዓመት ያህል ተምሮ ከመመረቁ በፊት የሚሠራው የመጨረሻ ሥራ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይባላል። ዓላማውም በየኮርሱ ተከፋፍሎ የተሰጠውን ዕውቀት ተማሪው በአንድ ችግር ላይ አሰባስቦ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። ሒሳቡ፣ የቁሳቁስ ጥናቱ፣ ንድፉ፣ የወጪ ስሌቱና የጽሑፍ ችሎታው ሁሉ እዚህ ላይ በአንድነት ይፈተናሉ። ይህ ሥራ በሚገባ ከተመራ የአምስቱ ዓመት ትምህርት መደምደሚያ ይሆናል፤ በሚገባ ካልተመራ ግን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በየስብሰባው የሚቀርበው ሐሳብ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን ከኢንዱስትሪ ጋር በመተባበር በፕሮጀክት ላይ በተመሠረተ የማስተማር ዘዴ መምራት የሚለው ነው። ሐሳቡ በመሠረቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ የማስተማር ዘዴ ስሙ ብቻ ተወስዶ ሁኔታዎቹ ከተተዉ፣ የቆየውን ድክመት በአዲስ ስም ከመሸፈን በቀር የሚፈይደው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ዘዴው ምን እንደሚጠይቅ፣ አሁን ያለው አሠራር የትኛው ላይ እንደሚሰናከልና እንደ ወላይታ ባለ አካባቢ «ኢንዱስትሪ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለት ጫፍ ያለው አካባቢ

የሶዶ ከተማ በዳሞት ተራራ ግርጌ የምትገኝ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ከተከፈቱት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አካባቢው በኤሌክትሪክ ኃይል ረገድ ከኢትዮጵያ ዐበይት ማዕከሎች አንዱ ሆኗል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከፍታው 243 ሜትር ሲሆን አሥሩ ተርባይኖች በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እንዲሁም ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚዘልቀው ባለ 500 ኪሎ ቮልት የቀጥተኛ ሞገድ ማስተላለፊያ መሥመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለማስተላለፍ የተሠራ ሲሆን፣ ኬንያም በዚሁ መሥመር ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል መግዛት ጀምራለች።

በአንጻሩ ከዚሁ መሥመር ሥር ባሉት መንደሮች እናቶች የእንሰትን ግንድ ሽፋን በተጋደመ ጣውላ ላይ ዘርግተው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ። ሥራው ጉልበት ይጨርሳል፤ ወገብ ያጎብጣል፤ በየጊዜውም ተደጋግሞ ይመጣል። ቆጮውና ቡላው የሚገኘው፣ ቃጫውም የሚለየው በዚሁ ድካም ነው። እንግዲህ በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት የቴክኖሎጂ ጫፎች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንደኛው በኩል ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂዎች የሚመደብ የመለወጫ ጣቢያ አለ፤ በሌላው በኩል ቀርከሃና ጣውላ። የምሕንድስና ተማሪው የሚማረው በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ከሁለቱ አንዱንም ሳይነካ የሚያልፍ ከሆነ፣ የአምስት ዓመት ትምህርት ያለበትን ምድር ሳያይ አለፈ ማለት ነው።

የቀድሞ ሙከራዎች ያስተማሩት

ትምህርትን ከሥራ ጋር ለማገናኘት የተደረገው ሙከራ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። ብዙ ወጣቶች አገራቸውን ያወቁት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ከተመዳቢዎቹ የሚበዙት በመምህርነት ያገለገሉ በመሆኑ፣ የሠለጠኑበትን ሙያ በተግባር የሚፈትኑበት አጋጣሚ ጠባብ ነበር። በደርግ ዘመንም ትምህርትን ከምርት ጋር ማያያዝ ከትምህርት ዓላማዎች አንዱ ሆኖ ታውጆ ነበር፤ ነገር ግን «ምርት» የተባለው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የአትክልት ቦታና ከእጅ ሥራ ብዙም ያልራቀ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የጅማ ሙከራ ነው። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከመነሻው ትምህርቱን በኅብረተሰብ ላይ እንዲመሠረት አደረገ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ መንደሮች ይወርዳሉ፤ የጤና ችግሮችን ይለያሉ፤ ዕቅድ ያወጣሉ፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም ሥራውን እየተከታተሉ ይገመግማሉ። የጅማው አሠራር ጥንካሬ ወደ መንደር መሄዱ ብቻ አይደለም፤ የመስኩ ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚያድግ የትምህርቱ አካል መሆኑ ነው።

በምሕንድስና ረገድ ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ትብብር በተካሄደው የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት የሥርዓተ ትምህርት ማሻሻያ ተደርጓል። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሴሚስተር ያህል የሚፈጅ የኢንዱስትሪ የተግባር ልምምድ በፕሮግራሙ ውስጥ ገብቷል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም ከመቶ ሰባው ተማሪ በሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደብ ተወሰነ። የተማሪው ቁጥር በፍጥነት ጨመረ፤ ወርክሾፕ፣ ልምድ ያለው መምህርና ልምምድ የሚሰጥ ድርጅት ግን በዚያው ፍጥነት ሊጨምሩ አልቻሉም። ዛሬ በመመረቂያ ፕሮጀክቶች ላይ የሚታየው ድክመት ከፊሉ የዚህ አለመመጣጠን ውጤት ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ቸልተኝነት ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ዘዴው በእርግጥ የሚጠይቀው

በፕሮጀክት ማስተማር የሚለው ሐሳብ ረዥም ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው ጽሑፍ፣ ተማሪ ከልቡ የተቀበለውን ዓላማ ይዞ የሚሠራው ሥራ የትምህርት መሠረት እንዲሆን ተከራክሯል። በምሕንድስና ትምህርት ዘዴውን በስፋት ሥራ ላይ ካዋሉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1974 በዴንማርክ የተቋቋመው የኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል። በዚያ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ በየሴሚስተሩ በቡድን ፕሮጀክት ይሠራሉ። ከሴሚስተሩ የትምህርት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ለፕሮጀክቱ የተመደበ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን አማካሪ መምህር አለው፤ በመጨረሻም ሥራውን በቃል አስረድቶ ይመዘናል።

ከዚህ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ችግሩ ይቀድማል፤ ዕውቀቱ ለችግሩ ሲባል ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ ፕሮጀክት የሚለመድ ነገር ነው። አራት ዓመት ሙሉ በንግግር የተማረና በወረቀት ብቻ የተፈተነ ወጣት በአምስተኛው ዓመት በድንገት ችግር ለይተህ፣ ዕቅድ አውጥተህ፣ በቡድን ሥራ ቢባል ግራ መጋባቱ አያስደንቅም። ሦስተኛ፣ ምዘናው ከባድ ጥያቄ ነው። የዴንማርክ መንግሥት ራሱ የእያንዳንዱ ተማሪ ችሎታ ተለይቶ አይታወቅም በሚል እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ የቡድን ፈተናን ለጥቂት ዓመታት ከልክሎ፣ ቆይቶ እንደገና ፈቅዷል። ዘዴውን ለአሠርት ዓመታት የሠሩበት እንኳ በዚህ ነጥብ ላይ ሲከራከሩ ከኖሩ፣ በኢትዮጵያ ጉዳዩ በአንድ መመሪያ ይፈታል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አሁን ያለው አሠራር የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው እንቅፋት የጊዜ መለያየት ነው። በአብዛኛው የተግባር ልምምዱ በአራተኛው ዓመት ይካሄዳል፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ደግሞ በአምስተኛው ዓመት ይጀመራል። ተማሪው በልምምዱ ጊዜ የተመለከተው ችግር በልምምድ ሪፖርቱ ውስጥ ተጽፎ ይዘጋል። ለመመረቂያው ሌላ ርእስ ይፈለጋል። ሁለቱ በአንድ ክር ቢታሰሩ ኖሮ ልምምዱ የችግር መለያ፣ ፕሮጀክቱ የመፍትሔ መፈለጊያ በሆኑ ነበር። አሁን ግን አንዱ ለሌላው ባዕድ ነው።

ሁለተኛው የርእስ አመራረጥ ነው። ርእስ የሚፈለገው ከቀደሙ ተመራቂዎች ጽሑፍና ከኢንተርኔት ሲሆን፣ ስሙ ትልቅ የሆነ ርእስ ተመራጭነት ያገኛል። ከዚህም የተነሣ መረጃው ከሌላ አገር የተወሰደ፣ ስሌቱ የተስተካከለ፣ ነገር ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ መልስ የሆነ ጽሑፍ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ስሕተት ላይኖርበት ይችላል፤ ጉድለቱ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው።

ሦስተኛው የኢንዱስትሪው ድርሻ ነው። ትብብሩ የድጋፍ ደብዳቤ በመጻፍ፣ ጉብኝት በመፍቀድና በመጨረሻ ማኅተም በማኖር የሚያበቃ ከሆነ ትብብር ሊባል አይችልም። ድርጅቱ ጥያቄውን ካላቀረበ፣ በመካከል ካልተመለከተና በመጨረሻ ውጤቱን ካልመዘነ የሥራው ተካፋይ አይደለም። በድርጅቶችም በኩል ሊሰማ የሚገባው እውነት አለ። ማሽን አቁሞ ተማሪ ማስተማር ምርት ያጓድላል፤ የአደጋ ኃላፊነት አለ፤ የሥራ ምስጢርም አለ። ለእነዚህ ዋስትና የሚሰጥ ስምምነት ሳይኖር ድርጅቶችን ፍላጎት የላቸውም ብሎ መውቀስ ዋጋ የለውም።

አራተኛው ምዘናው ነው። ለወራት የተሠራ ሥራ በተጠረዘ ጽሑፍና በአጭር ጊዜ ገለጻ ሲለካ፣ ተማሪው ኃይሉን የሚያፈሰው በሚለካው ነገር ላይ ይሆናል። ሞዴል ይሠራ በተባለ ጊዜም ተማሪው ሥዕሉን ለብረት ሠራተኛ ሰጥቶ፣ ከፍሎ፣ የተሠራውን ተቀብሎ ሊያቀርብ ይችላል። ያን ጊዜ የተማረው ማን ነው? ብየዳው የት ላይ እንደ ተሰነጠቀ፣ የተመረጠው ብረት ለምን እንደ ጎበጠ የሚያውቀው ባለ ወርክሾፑ ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው እንዲሉ፣ ዕውቀቱ ከሠራው እጅ ጋር ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በዚህ ላይ ሌላ ጫና አክሏል፤ ተማሪው የመጨረሻ ዓመቱን ለፈተና ጥናትና ለፕሮጀክት ማካፈል ስላለበት፣ ክትትል ያልተደረገለት ፕሮጀክት መጎዳቱ አይቀርም።

«ኢንዱስትሪ» ማለት ምን ማለት ነው?

በወላይታ ኢንዱስትሪ የለም የሚል አነጋገር ብዙ ጊዜ ይሰማል። አነጋገሩ ኢንዱስትሪን ከትልቅ ፋብሪካ ጋር ብቻ ከማያያዝ የመጣ ነው። በ2008 ዓ.ም. እንደ ተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ማዕከል በሌለበት ትብብር አይታሰብም የሚባል ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚበዙት ከወዲሁ ተስፋ መቁረጥ ይኖርባቸዋል። በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ግን የብረታ ብረትና የእንጨት ወርክሾፖች፣ የእህል ወፍጮ ቤቶች፣ ጋራዦች፣ የሕንፃ ተቋራጮችና የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች አሉ። የወፍጮው ባለቤት ሞተሩ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል፣ የተቋራጩ ሠራተኛ ኮንክሪቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ የውኃ ክፍሉ ከተመረተው ውኃ ስንቱ በመንገድ እንደሚጠፋ ማወቅ ይፈልጋሉ። እነዚህ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚመጥኑ፣ ባለቤት ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ትልቁ የኃይል ተቋምም ቢሆን ከተማሪው አቅም ውጭ ነው ብሎ መተው አይገባም። በ500 ኪሎ ቮልት መሣሪያ ላይ ተማሪ እጁን ሊያሳርፍ እንደማይችልና እንደማይገባው ግልጽ ነው። ሆኖም ጥያቄ ከመሣሪያው ዙሪያም ይገኛል። መብረቅ በመሥመሮች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ ስለ መሬት ማገናኛ፣ ከዋናው ጣቢያ እስከ ገጠር መንደር ባለው የማከፋፈያ መረብ ስለሚባክነው ኃይል የሚደረግ ጥናት ለተማሪውም ለድርጅቱም ይጠቅማል። ለውጭ አገር ኃይል በሚሸጥበት ቦታ አጠገብ የወፍጮ ቤት ሞተር በቮልቴጅ ማነስ ቢቃጠል፣ ያ ለምሕንድስና ትምህርት ዓይነተኛ ጥያቄ ነው።

የእንሰት መፋቂያ መሣሪያን ለምሳሌ ያህል መመልከት ይቻላል። በእንሰት አምራች አካባቢዎች ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለንድፍ ሥራ ደጋግሞ የሚመረጥ ርእስ ነው። በተለመደው አቀራረብ ተማሪው የዘንጉን ውፍረትና የሞተሩን ጉልበት አስልቶ፣ ሥዕሉን ነድፎ ይጨርሳል። በፕሮጀክት ዘዴ የሚሠራ ቡድን ግን ከስሌቱ በፊት ከሚፍቁት እናቶች ዘንድ ይሄዳል። በአንድ ቀን ስንት ግንድ እንደሚፋቅ ይቆጥራል። ማሽኑ ቡላ የሚሆነውን ፈሳሽ አባክኖት እንደሆነ፣ ቃጫውን ቆራርጦት እንደሆነ በሚዛን ይለካል። መብራት በሌለበት ጓሮ ምን እንደሚያንቀሳቅሰው፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ማን እንደሚሸከመው፣ ቢሰበር የሶዶ ብረት ሠራተኛ ሊጠግነው ይችል እንደሆነ፣ ዋጋውን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ወይስ በማኅበር እንደሚችለው ይጠይቃል። በአረካ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ ያካበተው ዕውቀትም በቅርብ አለ። እዚህ ላይ «ኢንዱስትሪው» የእናቶቹ ጓሮ ነው፤ የሥራው ገምጋሚዎችም እነርሱ ናቸው።

የአካባቢው የራሱ ታሪክም ይህን ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በምሕፃሩ ዋዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከማቅረብ ጋር ብድርን፣ መንገድንና ገበያን አያይዞ ነበር የተነሣው። መነሻ ሐሳቡም አንድ ቴክኖሎጂ ብቻውን ገበሬው ዘንድ ሊዘልቅ አይችልም የሚል ነበር። የምሕንድስና ተማሪ የነደፈው መሣሪያም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ሊታረሙ የሚገባቸው ነጥቦች

በዘዴው ላይ የሚቀርበው ዐቢይ ተቃውሞ፣ ተማሪው የአካባቢ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ቲዎሪ ይሳሳል የሚል ነው። ስጋቱ ቸል የሚባል አይደለም። ለድርጅቱ ነጻ ጉልበት ከመሆን ያላለፈ ፕሮጀክት ትምህርት አይደለም። መለያው ግን ግልጽ ነው፦ ተማሪው የሞተሩን መጠምጠሚያ ከለወጠ ጠገነ፤ ሞተሩ የተቃጠለበትን ምክንያት ለክቶ፣ በስሌት አስረድቶ፣ ሌላ ወፍጮ ቤት ላይ አረጋግጦ ከጻፈ ግን ምሕንድስና ተማረ። ይህን ልዩነት የመጠበቁ ኃላፊነት የአማካሪ መምህሩ ነው። ስለዚህም አንድ መምህር ሊከታተላቸው የሚችሉ ቡድኖች ቁጥር መወሰን፣ የመስክ ክትትሉም እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ሊቆጠርለት ይገባል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት እርምጃዎች ሊታሰቡ ይገባል። የተግባር ልምምዱ የሚጠናቀቀው ባለቤቱ በፊርማው ባረጋገጠው የችግር መግለጫ ይሁን፤ የመመረቂያ ርእስም ከዚያ ይመረጥ። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የአካባቢውን ችግሮች የሚመዘግብበት የማይቋረጥ መዝገብ ይኑረው፤ አንዱ ቡድን የጀመረውን የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ይረከብ። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ቡድን ቢለካ፣ ሁለተኛው ቢነድፍ፣ ሦስተኛው ሠርቶ ቢሞክር ሁሉም በቂ ሥራ ሠርተዋል። እያንዳንዱ ተማሪ የሥራ ማስታወሻ ደብተር ይያዝ፤ ከጠቅላላው ውጤትም ጉልህ ድርሻ ለሂደቱና ለግል አስተዋጽኦው ይሰጥ። ያልተሳካ ሙከራ ምክንያቱ በሚገባ ከተመረመረ እንደ ውድቀት አይቆጠር። ውጤቱም ለባለቤቱ እርሱ በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ ይነገር።

ዕቅድ አውጪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ለተማሪ የመስክ ጉዞ፣ ለመድንና ለሙከራ ቁሳቁስ የሚሆን ገንዘብ በበጀት ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ካልተመደበ፣ የተጻፈው መመሪያ ሁሉ ወጪው በድኻ ወላጆች ላይ ያርፋል። ከገጠር ልጁን ልኮ አምስት ዓመት የጠበቀ ቤተሰብ በመጨረሻው ሴሚስተር ለሞዴል መሥሪያ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ተማሪው ከወረቀት በላይ የማይሄድ ርእስ ቢመርጥ የሚወቀስ አይሆንም።

ጉዳዩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንንም ይመለከታል። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ወጣት አሥራ ሁለት ዓመት የተዘጋጀ ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለሙያና ለቴክኒክ ትምህርት ቦታ ተሰጥቶታል። በዚያ ቦታ የፊዚክስ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አቅራቢያው ወፍጮ ቤት ወስዶ የሞተሩን የኃይል ፍጆታ ቢያስለካ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ትምህርት ከዚያ ተጀመረ ማለት ነው።

በጠቅላላው የምሕንድስና መመረቂያ ፕሮጀክት ዋጋ በገጾቹ ብዛት ወይም በርእሱ ትልቅነት የሚለካ አይደለም። አንድ ቡድን ከተመረቀ ከዓመት በኋላ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ወርክሾፑ ወይም ወደ እንሰት ጓሮው ሄዶ፣ ተማሪዎቹ መጥተው ከሄዱ ወዲህ ምን ተለወጠ? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ባለቤቱ የሚጠቅሰው ነገር ካለው፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል። የሚጠቅሰው ከሌለው ግን ሊታረም የሚገባው የተማሪው ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የመራው አሠራር ጭምር ነው።